ለአባቴ፦ እንግሊዞች «እንውጣ» ካሉ በኋላ ለምን መውጫው ጠፋቸው?

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው ስንነጋገር «እንግሊዞች ያን ያህል ተከራክረው፣ ድምፅ ሰጥተው ሲያበቁ፣ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቱ እንዴት ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጅባቸዋል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ አደረግኩት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የተከራከሩት ይወጣ አይወጣ በሚለው ላይ ብቻ ነበር። ተወጥቶ የት እንደሚደረስ ግን ከድምፁ በፊት ጽፎ ያቀረበ አልነበረም። ጁን 23 ቀን 2016 ሕዝቡ የተጠየቀው አባልነቱ ይቀጥል ወይስ ይውጡ የሚል አንድ መስመር ነው። 51.9 በመቶው ይውጡ አለ፣ 48.1 በመቶው ይቀጥል። ይውጡ ካሉት መካከል እንደ ኖርዌይ ከኅብረቱ ወጥቶ፣ ዕቃና ሠራተኛ በአንድ ደንብ በነፃ በሚዘዋወርበት በነጠላ ገበያው ውስጥ መቆየት የሚሻ ነበር፤ እንደ ቱርክ የጉምሩክ ኅብረት፣ ማለትም እርስ በርስ ቀረጥ ትቶ በውጭ ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት ቀረጥ መጣል፣ ይበቃናል የሚል ነበር፤ እንደ ካናዳ የንግድ ውል ብቻ የሚፈልግም ነበር። ሦስቱ አብረው አይሄዱም። ኖርዌይ ገንዘብ ትከፍላለች፣ የአውሮፓ ሠራተኛም እንደልቡ ይገባባታል፤ ብዙ እንግሊዛዊ ደግሞ የወጣው ይህንኑ ጠልቶ ነው። ማርች 27 ቀን 2019 ምክር ቤቱ 8 አማራጮችን አንድ በአንድ ድምፅ ሲሰጥባቸው አንዱም አብላጫ አላገኘም።

የስኮትላንድን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። በ2014 ከዩናይትድ ኪንግደም እንገንጠል አንገንጠል ብለው ሲከራከሩ፣ መገንጠል የሚፈልገው ወገን ራሱ የስኮትላንድን መንግሥት ይዞ ስለነበር ከ600 ገጽ በላይ የሆነ ሰነድ ለማሳተም ተገደደ። ሰነዱ ፓውንድን ይዘን እንቀጥላለን ይላል። ለንደን በፌብሩዋሪ 2014 «አናጋራም» ስትል ሌላ ዕቅድ አልነበራቸውም፤ ያንን ቀዳዳ መራጩ ከድምፁ በፊት አየው። 55.3 በመቶው አንገነጠልም አለ፤ ከተመዘገበው ሰው 84.6 በመቶው ነበር የወጣው። በ2016 ግን መንግሥት የሚፈልገው መቆየትን ነበር፤ እንውጣ የሚሉት ደግሞ ሥልጣኑን ስላልያዙ ዕቅድ አምጡ የሚላቸው አልነበረም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የእኛንና የኤርትራን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፦ ሕዝበ ውሳኔው በእኛ አቆጣጠር በ1985 ሲደረግ የመገበያያው ገንዘብም ወሰኑም በወረቀት ሳይቋጭ ቀረ፤ ናቅፋ በ1990 ወጣ፣ ጦርነቱም በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ተነሣ።

በክርክሩ ላይ ሁለቱም ወገን በድለዋል። የመውጣት ደጋፊዎች በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንልካለን ብለው አውቶቡስ ላይ ጻፉ። ቁጥሩ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር በ1984 ያስገኙት ቅናሽ ሳይነሳለት የተሰላ ነው፤ ያ ገንዘብ ከሀገር አይወጣም ነበር። የገንዘብ ሚኒስቴሩ በበኩሉ ብትወጡ ኢኮኖሚው ወዲያው ያሽቆለቁላል አለ፤ ወዲያው አላሽቆለቆለም። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ስለሚመጣው ጉዳት ማን ይስማቸው። የመንግሥትን በጀት በገለልተኝነት የሚገመግመው የበጀት ኃላፊነት ቢሮ በረጅሙ ጊዜ ምርታማነት 4 በመቶ ያህል ይቀንሳል ብሎ የሚያሰላው ያንን ነው።

ወደ አወጣጡ ልምጣ። ሕጉ የሊዝበን ውል አንቀጽ 50 ነው። የሚወጣው ሀገር በጽሑፍ ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ይቆጠራል። ተስማሙም አልተስማሙም፣ ሁለት ዓመቱ ሲሞላ አባልነቱ በራሱ ያበቃል፤ ለማራዘም የቀሩት ሀገሮች ሁሉ በአንድ ድምፅ መፍቀድ አለባቸው። ስለዚህ ጊዜው የሚያስጨንቀው የሚወጣውን ሀገር ነው። በእጁ ያለው ትልቁ ነገር ደብዳቤውን የሚልክበትን ቀን መምረጥ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ካቢኔያቸው እንኳ ሳይስማማ ማርች 29 ቀን 2017 ላኩት፤ ወዲያው ምርጫ ጠርተው አብላጫቸውን አጡ፤ ድርድሩ ሲጀመር ጁን 19 ሆኗል። ኅብረቱም ተራውን ወሰነ፦ መጀመሪያ ሂሳቡ፣ የዜጎች መብትና የአየርላንድ ወሰን፤ ንግዱ ከዚያ በኋላ።

ሂሳቡ እንደ እቁብ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ዙሩ ሳያልቅ ልውጣ ቢል ቀሪውን ሳይከፍል አይለቀቅም። እንግሊዝም እስከ 2020 መጨረሻ ለሚሄደው በጀት ቃል ገብታ ነበር፤ የኅብረቱ ሠራተኞች ጡረታም አለ። መንግሥት ከ35 እስከ 39 ቢሊዮን ፓውንድ ገመተው፤ ብዙ ሰው ቅጣት መስሎት ተቆጣ።

ሁሉን ያሰረው አየርላንድ ነው። የዩናይትድ ኪንግደም ክፍል በሆነችው በሰሜን አየርላንድና የኅብረቱ አባል በሆነችው በአየርላንድ ሪፐብሊክ መካከል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ወሰን፣ ከ200 በላይም የመንገድ መሻገሪያ አለ። ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ኬላው ሁሉ ተነሥቶ ሰው ሳይቆም ይሻገራል። ከነጠላ ገበያውም ከጉምሩክ ኅብረቱም ከተወጣ ግን ዕቃ የሚፈተሽበት መስመር የግድ ያስፈልጋል። የብሱ ላይ ከሆነ ለሰላሙ ያሰጋል፤ ባሕሩ ላይ ከሆነ ሰሜን አየርላንድ ከራሷ ሀገር በጉምሩክ ትለያለች፤ ሁለቱም አይሁን ከተባለ መላው ሀገር በጉምሩክ ኅብረቱ ውስጥ ይቀራል። ሜይ ሦስተኛውን እንደ መያዣ ይዘው ሲመጡ ምክር ቤቱ ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 በ432 ለ202 ጣለባቸው። እሳቸውን የተኩት ቦሪስ ጆንሰን ባሕሩን መረጡ፤ ሀገሪቱም ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች።

ዕድሜዎን በጉምሩክ ስላሳለፉ ቀጥሎ የመጣው ይበልጥ ይገባዎታል። በዲሴምበር 24 ቀን 2020 በከቀረጥ ነፃ የንግድ ውል ላይ ተስማሙ ሲባል ብዙ ነጋዴ ወረቀትም የለም ብሎ ተረዳው። ነፃ የሚሆነው ግን በስሪት ሀገር ደንብ የእንግሊዝ ወይም የኅብረቱ ምርት የሆነው ብቻ ነው። ከቻይና አስመጥቶ ሳይለውጥ ወደ ፈረንሳይ የሚልክ ሰው እዚያ እንደገና ቀረጥ ይከፍላል። ምግብ ሲሆን ይብሳል። አንድ የስኮትላንድ ዓሣ ላኪ ዲክላራሲዮን ያስሞላል፣ ትራንዚተር ይይዛል፣ ለፈረንሳይ ኬላ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ጭነቱ የሚፈልገውን የጤና ምስክር ወረቀት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ አዘጋጅቶ መርማሪው ከኅትመቱ በተለየ ቀለም ይፈርምበታል። የብዙ ትናንሽ ላኪዎች ዕቃ በአንድ መኪና ሲጫን የአንዱ ገጽ ስሕተት መኪናውን በሙሉ ያስቆማል፤ ዓሣ ደግሞ በቆመ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። በጃንዋሪ 2021 የደረሰው ይኸው ነው። ትልቁ ኩባንያ ጸሐፊ ይቀጥራል፤ ትንሹ መላኩን ይተዋል። እንግሊዝ በአንጻሩ ከኅብረቱ በሚገባው ምግብ ላይ በወደብ መፈተሽ የጀመረችው አፕሪል 2024 ነው፤ ኬላውና ፈታሹ አልተዘጋጀማ! በሜይ 2025 ደግሞ ወረቀቱን ለመቀነስ፣ የኅብረቱን የምግብ ደንብ መከተልን የሚጨምር ውል ለመደራደር ተስማሙ።

አለቀ እንዳይሉኝ፣ የባሕሩ መስመር አሁንም ድምፅ ይሰጥበታል። የሰሜን አየርላንድ ምክር ቤት በዲሴምበር 2024 በ48 ለ36 ይቀጥል አለ፤ የደገፉት ግን ከአንድ ወገን ስላመዘኑ ከ4 ዓመት በኋላ እንደገና ይጠየቃል።

ያልገባዎት ካለ እሑድ ስደውል ይጠይቁኝ። እማዬን ሳሙልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ