የክበባት ዘገባ፦ የኅትመት ክበባችን ዓመት ከሲስተር ኮሪታ ጋር

ዘንድሮ እዚህ ሎስ አንጀለስ ያለው የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የኅትመት ክበብ ሥራ ብዙ ወላጆችን አነጋግሯል። አንዳንዱ ደስ ብሎታል፣ አንዳንዱ ቅር ብሎታል። “ልጄን የላክሁት አማርኛ እንዲማርልኝ ነው፤ ቀለም ተለቅልቆ ሲመጣ ምን ተማረ ልበል?” ያሉኝ አባት አሉ። “የካቶሊክ መነኩሲት ሥራ ለእኛ ልጆች ምን ያደርግላቸዋል?” ብለው የጠየቁኝ እናትም አሉ። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ስለዚህ የዘንድሮውን ዘገባ ረዘም አድርጌዋለሁ፤ ታገሡኝ።

መነኩሲቷ ሲስተር ኮሪታ ኬንት ናቸው። በ1918 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው። በ1936 ገዳም ገቡ። ሆሊውድ በነበረው ኢማኪዩሌት ሃርት ኮሌጅ ለብዙ ዓመታት ሥነ ጥበብ አስተማሩ። በ1962 አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል የሾርባ ጣሳ ሥዕሎቹን በከተማችን በፌረስ ጋለሪ ሲያሳይ ሄደው አዩ። በዚያው ዓመት “ወንደርብሬድ” የተባለውን ሥራቸውን አተሙ። ሁላችንም የምናውቀው የሱፐርማርኬት ዳቦ ነው። መጠቅለያው ላይ ያሉት ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ክቦች ናቸው ወረቀቱ ላይ ያሉት። ብዛታቸው ግን 12 ነው፤ እንደ ሐዋርያት። ትኩር ብሎ ላያቸው ደግሞ የቁርባን ኅብስት ናቸው።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ሴትዮዋ እምነታቸውን ከገበያው፣ ከመንገዱና ከጋዜጣው አልለዩትም። በ1965 “ማይ ፒፕል” የሚለውን ሥራ ሲሠሩ የኦገስት 14ን የሎስ አንጀለስ ታይምስ የፊት ገጽ እንዳለ አስገቡት። ዜናው የዋትስ ነው፤ የእኛው ከተማ የጥቁሮች ሰፈር ዋትስ፣ ያኔ በአመፅ በእሳት ላይ የነበረችው። ከሥሩ ቀይ መደብ አለ። በቀዩ ላይ የጥቁሮች የመብት ትግል በተካሄደባት በአላባማዋ ሴልማ ያገለግሉ የነበሩ አባ ሞሪስ ዌሌት የጻፉት ቃል በእጅ ጽሕፈት ይነበባል። የክርስቶስ አካል ዛሬም በመስቀል ላይ ከነበረው የተሻለ ምቾት የለውም የሚል ነው። ሲስተር ኮሪታ ድንጋይ አልወረወሩም፣ ማንንም አልሰደቡም። ጋዜጣውንና ጸሎቱን አንድ ወረቀት ላይ አስቀመጡ። ሰላማዊ ተቃውሞ ምን እንደሆነ ለልጆች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ዋጋም ከፍለዋል። የሎስ አንጀለሱ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ማኪንታየር ሥራቸውን አልወደዱላቸውም። ጫናው በዛ፣ ድካሙም ተጨመረበት፤ በ1968 ምንኩስናውን ትተው ወደ ቦስተን ሄዱ። ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ፣ ስለ ቬትናም ጦርነትና ስለ ገበሬ ሠራተኞቹ መሪ ስለ ሴሳር ቻቬዝ ማተማቸውን ግን አላቆሙም። በ1985 የወጣው “ላቭ” የሚል የ22 ሳንቲም ቴምብርም የእሳቸው ነው። ከ700 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ያኔ እዚህ አገር የነበራችሁ ወላጆች ሳታውቁት ፖስታ ላይ ለጥፋችሁት ይሆናል። በ1986 አረፉ። ፍራንክሊን ጎዳና ላይ የነበረው የኅትመት ክፍላቸው ለመኪና ማቆሚያ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር፤ በ2021 ከተማው ቅርስ ብሎ መዝግቦ አተረፈው።

አሁን ወደ ክበባችን። የመስከረሙ ስብሰባ እንደ ወትሮው በምዝገባና በኃላፊዎች ምርጫ አለቀ። ጥቅምትና ኅዳር ሲስተር ኮሪታ ያትሙበት የነበረውን ሲልክስክሪን የተባለ ቴክኒክ ተማርን። ዓምና ፊደል የምናትመው ሊኖሊየም በተባለ ለስላሳ ንጣፍ ላይ ቀርጸን ነበር። እሱ ፊደሉን ይገለብጠዋል፤ “ለ” እና “ሰ”ን በመስታወት እያዩ መቅረጽ ትንንሾቹን አስለቅሷቸዋል። ሲልክስክሪን አይገለብጥም። የእንጨት ፍሬም ላይ ስስ ጨርቅ እንደ ወንፊት ይወጠራል። ከሥሩ የተቆረጠ ወረቀት ይደረጋል። ቀለሙ ከላይ ፈስሶ በላስቲክ መግፊያ ይሳባል። ወረቀቱ የሸፈነው ቦታ ነጭ ይቀራል፣ የተቆረጠው ቀለም ይጠጣል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሥራው እንደገና ይጀመራል፤ ስለዚህ ችኩል ልጅ እዚህ ክበብ ውስጥ ቶሎ ትዕግሥት ይማራል።

ከሙስሊም ተማሪዎቻችን አንዷ “ሰላም” የሚለውን ልታትም መረጠች። “ም”ን ስትቆርጥ የፊደሉ ሁለት ዓይኖች ወደቁባት። እነሱ ካልተመለሱ “ም” ጥቁር ጉብታ ሆና ትቀራለች። ሁለቱን ቁራጮች ከጠረጴዛ ሥር ለቅማ፣ በመርፌ ጫፍ አንስታ፣ አንድ በአንድ ጨርቁ ሥር መለሰቻቸው። ለእያንዳንዱ ኅትመት አይደለም ደግነቱ፤ የመጀመሪያው ቀለም ካለፈ በኋላ ራሱ ይዟቸው ይቀራል። “ቲቸር፣ ያዘ!” ብላ የጮኸችው ጩኸት እስከ ኮሪደሩ ተሰምቷል።

ብዙ የምናገረው ግን የኢትዮጵያውያን ሱቆችና ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ስላደረግነው ጉዞ ነው። ሲስተር ኮሪታ ተማሪዎቻቸውን ወደ ሱፐርማርኬትና ወደ ጎማ መሸጫው ይወስዷቸው ነበር። እያንዳንዱ ልጅ መሐሉ በትንሽ አራት ማዕዘን የተቆረጠ ካርቶን ይይዛል። በዚያች ቀዳዳ ብቻ ነው የሚያየው። ማስታወቂያው ሙሉ ሆኖ አይታይም፤ አንድ ጥግ፣ ግማሽ ፊደል፣ አንድ ቀለም ብቻ ይታያል። ዓይን መሥራት የሚጀምረው ያኔ ነው። እኛም ካርቶናችንን ይዘን ከተማው በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ወደ ሰየማት ሰፈራችን ሄድን።

ልጆቹ ይህን መንገድ ያውቁታል። እሑድ እሑድ ከወላጆቻቸው ጋር ምሳ የሚበሉበት ነው። ዓይተውት ግን አያውቁም ነበር። በርበሬ የያዘ ማሰሮ፣ የጀበና ሥዕል፣ ፀሐይ ያደበዘዘው የምግብ ቤት ስም፣ ሁሉም በካርቶኑ ቀዳዳ ሲታይ ሌላ ነገር ሆነ።

ከመካከላቸው አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ አለ። አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም። በአማርኛ ሲጠየቅ በእንግሊዝኛ ነው መልሱ፤ ክፍል ውስጥም እንደዚያው። ከአንድ ሱቅ ገብቶ በላስቲክ የታሸገ እንጀራ የተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ቆመ። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ጠጋ ብዬ በእሱ ቀዳዳ አየሁ። ላስቲኩ ተጣጥፎ “እንጀራ” ከሚለው ቀይ ጽሕፈት “ጀ” ብቻዋን ተሰብራ ወጥታለች። ሲስተር ኮሪታ የመጽሔት ፊደላትን አጣጥፈው፣ ጎንበስ አድርገው የሚያትሙት ልክ እንደዚህ ነበር። እኔ አላሳየሁትም፤ ራሱ አገኘው።

ከዚያ ወደ ባለ ሱቋ ሄደ። “እማማ፣ ባዶ ላስቲክ ይሰጡኛል?” አለ።

“ለምን ፈለግኸው የኔ ልጅ?”

“ለሥዕል። አይ፣ ለጸሎት ነው።”

“የቱን ጸሎት?”

“አባታችን ሆይ” አለና ይደግም ጀመር። ባለ ሱቋ እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አሳርፈው አዳመጡት። “የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ” ከሚለው ሲደርስ በጣቱ መደርደሪያውን አሳያቸው። ላስቲኩን በጥቅል ሰጡት። እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ በርበሬው ማዞር ነበረብኝ።

ኅትመቱን ያያችሁት ታውቁታላችሁ። የተሰበረችው “ጀ” ቀይ ሆና ወረቀቱን ሞልታዋለች። ከሥሯ በራሱ እጅ ጽሕፈት ጸሎቱ አለ። ከጸሎቱ ቀጥሎ አንዲት ቃል ጨመረ፦ “ለተፈናቀሉትም።” ይህን በል ያለው ሰው የለም።

የዓመቱ መዝጊያ ዕለት ልጆቹ ኅትመታቸውን ከፍ አድርገው በመኪና ማቆሚያችን ዙሪያ ተሰለፉ። ሐሳቡን ያገኘነው ሲስተር ኮሪታ በ1964 ኮሌጁ ውስጥ ካከበሩት የእመቤታችን ቀን ነው። ያኔ ተማሪዎቹ ከምግብ ማስታወቂያዎች የተወሰዱ ቃላትና ሥዕሎች ይዘው በዝማሬ ዞረዋል። “ፖለቲካ እንዳይመጣብን” ብላችሁ የሠጋችሁ ወላጆች ነበራችሁ፤ ስጋታችሁ ይገባኛል፤ አገር ቤት ያለው ነገር ሁላችንንም አቁስሎናል። የክበቡ ደንብ ግልጽ ነበር፦ የፓርቲ ስም የለም፣ የሰው ስም የለም፣ ስድብ የለም። ልጁ የሚጸልይለትን ነገር ያትማል። ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ ሙስሊሙ አንድ ሰልፍ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ በፊት እዚህ ትምህርት ቤት እንደዚህ ሲቆሙ አላየሁም።

ያልተሳካም አለ። በጥርና በየካቲት ክፍላችን ለሌላ ዝግጅት ተወሰደብንና ሥራ ቆመ። የተወሰኑ ፍሬሞችም ተበላሹ። ስክሪን ወዲያው ካልታጠበ ቀለሙ ጨርቁ ውስጥ ይደርቃል፤ ከደረቀ አለቀለት። እኛ ያለን የመጸዳጃ ቤቱ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ አዲስ ማሊያ አግኝቷል፤ ልጆቹ ይገባቸዋል፣ እኔም ሄጄ አጨብጭቤያለሁ። የኅትመት ክበቡ ግን ቀለሙን የገዛው ከመምህራንና ከጥቂት ወላጆች ኪስ ነው። ይህ ለሁለተኛ ዓመት መቀጠል የለበትም።

“አማርኛ ይማርልኝ” ላሉት አባት መልሴ ፌርፋክስ ላይ ያየሁት ነው። ልጆቻችን ቋንቋውን የሚናገሩት የሚሉት ነገር ሲኖራቸው ነው።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው ይህ ነው፦ ከጓሮ ቧንቧው ጋር የሚገናኝ ጠለቅ ያለ ማጠቢያ፣ በውሃ የሚለቅ ቀለም፣ የፍሬም ጨርቅና ኅትመት የሚደርቅበት መደርደሪያ። ከወላጆች መካከል የቧንቧ ወይም የእንጨት ሥራ የሚችል ካለ አንድ ቅዳሜ ይስጠን። መኪና ያላችሁ ደግሞ ልጆቹን ፍራንክሊን ጎዳና የሚገኘውን የሲስተር ኮሪታን የኅትመት ክፍል ልናሳያቸው ስላሰብን አግዙን። ምዝገባ መስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ነው፤ የድሮ ሸሚዝ ለብሰው ይምጡ።