ተቆጣጣሪው ከመምጣቱ በፊት የሚደወለው ስልክ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በመሐል አዲስ አበባ በሚካሄዱ የሕንፃ ግንባታዎች ላይ በንብረት ያዥነት ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ከሜክሲኮ እስከ ሰንጋተራ፣ ከካዛንቺስ እስከ ፒያሳ በተለያዩ ሳይቶች የመጋዘን ቁልፍ በእጄ ስለነበር፣ የሥራ ቦታ ደህንነት ደንብ እንዴት እንደሚፈጸም የማውቀው ከመጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ባየሁት ልክ ነው። ያየሁትንም ከእንግዲህ ይዤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ድርጅት ሃያ አራት ሄልሜቶች ከነላስቲካቸው በመደርደሪያ ላይ ነበሩ። ቁጥጥር ሊደረግ ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን በፊት፣ ከድርጅቱ ዋና ቢሮ ስልክ ይደወልልኛል፤ እኔም ሄልሜቱን፣ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያና ጓንቱን አውጥቼ በፊርማ አስረክባለሁ። በማግስቱ ተቆጣጣሪዎቹ ይመጣሉ፤ ቢሮ ገብተው የደህንነት ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤና የዕቃ መረከቢያውን ሰነድ ያያሉ፤ ከምድር ቤቱ ደጃፍ ላይ ሆነው ቀና ብለው ይመለከታሉ፤ ቅጻቸውን ሞልተው ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ ዕቃው ተሰብስቦ ወደ እኔ ይመለሳል። በመረከቢያው ሰነድ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው፤ ስለዚህም የድርሻዬን ተጠያቂነት አልክድም።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በማንኛውም የሥራ ሰዓት፣ አስቀድሞ ማስታወቅ ሳያስፈልገው፣ ወደ ሥራ ቦታ የመግባት፣ ሠራተኛውን ለብቻው የመጠየቅና ሰነድ የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ቁጥጥሩ የመጣው በጥቆማ ምክንያት መሆኑን ለአሠሪው መግለጽም የተከለከለ ነው። ጤናማና ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ የሠራተኛው መብት መሆኑ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ሰፍሯል። ስለዚህ ሰዎች ሲሉ እንደምሰማው የሕግ ክፍተት አለ ብዬ አላምንም። ጉድለቱ ያለው ከስልኩ ጥሪና ከቢሮው ወንበር ላይ ነው።

ይህ ጉድለት ምን እንደሚያስከትል በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ከወሎ የመጣ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው የቀን ሠራተኛ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ለለሳኞች ሲሚንቶ በባልዲ ያቀብል ነበር። የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ በሚስማርና በሲባጎ የተያያዘ ሲሆን፣ ሲባጎው የሁለት ወር ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ነበር። ረፋድ ላይ አንደኛው ጣውላ ሲንሸራተት ልጁ ከነባልዲው ወደቀ። ከመጋዘኑ ስወጣ አሸዋው ክምር ላይ በጎኑ ተኝቶ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ የወደቀውን ባልዲ ያይ ነበር። ጓደኞቹ በባሬላ አንስተው መንገድ ላይ ባገኙት መኪና ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ዳሌው ተሰብሮ ስለነበር ከሁለት ወር በላይ ተኛ። ድርጅቱ የመጀመሪያውን ቀን የሕክምና ወጪ ከፍሎ በዚያው አበቃ፤ ምክንያቱም ልጁ በደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ ላይ ስሙ አልነበረም። ስሙ የነበረው በፎርማኑ ደብተር ላይ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከሚከፈላቸው ሠላሳ ያህል የቀን ሠራተኞች መካከል ነበር። በማግስቱ ያ መስመር በእስክሪብቶ ተሰረዘ። የአደጋ መመዝገቢያው መዝገብ ደግሞ በእኔ መደርደሪያ ላይ፣ አንድም መስመር ሳይጻፍበት፣ እንደነበረ ቀረ።

በዚሁ አዋጅ መሠረት አሠሪው የሥራ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ጥፋት ባይኖርበት እንኳ፣ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካደረሰው ጉዳት በቀር፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። የተጎዳው ሰው ሕክምናውን ከማግኘቱም ሌላ፣ ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከደመወዙ 75 በመቶውን፣ ከዚያም ለስድስት ወራት 50 በመቶውን ሊከፈለው ይገባል። የሥራ ውል በጽሑፍ አለመሆኑም መብቱን አያሳጣውም። ልጁ ግን ይህ ሁሉ በሕግ የተጻፈለት መሆኑን የሚነግረው ሰው አልነበረም፤ ከአልጋ ሲነሳ ወንድሙ መርካቶ በሸክም ከሚያገኘው ገንዘብ ላይ እየተቆረሰለት በክራንች ይሄድ ጀመር። ያልተመዘገበ አደጋ ለተቆጣጣሪው አልደረሰም፤ በተቆጣጣሪው ቢሮ መዝገብ ላይ ያ ሳይት ዛሬም አደጋ የሌለበት ሳይት ነው።

ሠራተኛው ራሱ መከላከያውን አይለብስም የሚል መልስ ከአሠሪዎች በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። በከፊል እውነት ነው። ሆኖም የሚሰጠው ሄልሜት ማሰሪያው የማይጠብቅ፣ ሲያጎነብሱ ዓይን ላይ የሚወርድ ሲሆን ማን ያደርገዋል? ጭቃ የሚያቀብሉት ሴቶች ሻሽ ላይ አይቀመጥም፤ በራሳቸው ላይ ሳፋ የሚሸከሙትን ደግሞ ጨርሶ ያግዳቸዋል። አዋጁ አሠሪው መከላከያውን ከማቅረብ በተጨማሪ ስለ አጠቃቀሙ እንዲያስተምር ያስገድዳል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያየሁት ትምህርት በግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

ተቆጣጣሪዎችን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ግን በደል ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ ማንም ሳይጠብቀው በታክሲ መጥቶ፣ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ፣ ከቢሮው በፊት በቀጥታ ወደ አራተኛው ፎቅ ወጣ። የሊፍት ጉድጓዱ ያለ መከለያ ክፍት ነበር። በዚያው ቆሞ መከለያው እስኪሠራ ድረስ በዚያ ፎቅ ሥራ እንዲቆም አዘዘ፤ አናጢዎቹ ከምሳ በኋላ ጣውላ መትተው ጨረሱት። የፈጀው የግማሽ ቀን ሥራና ከመጋዘኔ የወጣ ጥቂት ጣውላና ሚስማር ነበር። ሊወጣ ሲል የሚመላለስበት መኪና እንደሌለውና ለብዙ ወረዳዎች ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር እንደሚሠራ ነገረኝ። ያን ወጣት ተቆጣጣሪ የመሰለ ሰው በዚህ ሁኔታ ስንት ቦታ ሊደርስ እንደሚችል አስባችሁ ታውቃላችሁ?

የከተማው የሥራና ክህሎት ቢሮ ሦስት ነገሮችን ያለ አዲስ ሕግ ሊያደርግ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ከሁሉ የሚቀድመው ጉብኝቱ ሳይታወጅ እንዲሆን ነው፤ በተለይም በሌሊት፣ ምክንያቱም በመንገድና በኮሪደር ልማት ሥራዎች፣ እንዲሁም ሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) በሚሞላባቸው ሕንፃዎች ላይ ሠራተኛው በደከመ ዓይን የሚሠራው በዚያ ሰዓት ሆኖ ሳለ፣ በማታ የመጣ ተቆጣጣሪ እስከ ዛሬ አላየሁም። ከዚያም ተቆጣጣሪው የደመወዝ መክፈያውን ከመጠየቁ በፊት የፎርማኑን ደብተር ይጠይቅ፤ የሁለቱን ስም ዝርዝር ሲያስተያይ የጠፋው ሠራተኛ ወዲያው ይታየዋል። ባዶ የአደጋ መመዝገቢያ ሲያገኝም እንደ መልካም ውጤት አይቁጠረው፤ በአካባቢው ያሉትን ሠራተኞች ለብቻቸው ይጠይቅ።

ፎርማኑ የተጎዳውን ልጅ ስም ከመሰረዙ በፊት የደብተሩን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር፤ አንዱን ቅጂ ለልጁ ወንድም ሰጥቻለሁ። ድርጅቱን ከለቀቅኩ ዓመት አልፎኛል። ጉዳዩ ይመለከተኛል የሚል ተቆጣጣሪ አድራሻዬን ከዝግጅት ክፍላችሁ ወስዶ ቢጠራኝ፣ ፎቶውን ይዤ ቀርቤ ያየሁትን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ስሜ በዝግጅት ክፍሉ የሚታወቅ ንብረት ያዥ፣ ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ