ይድረስ ለአባ፣ ከደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም አባ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ደሴ እንደሚያውቋት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጦሳ ጉም ይለብስና እስኪረፍድ አይገልጥም። ትልቋ የልጅ ልጅዎ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ገብታለች። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ "ፈ" ማለት ስላቃተው ቤቱን ሁሉ ያስቃል። የጓሮው ኮክ በዝቶ አፍርቷል፣ የሚያፈሰውም ጣሪያ ተጠግኗል።

እታለም ደውላ ነበር። ከስትሮኩ በኋላ ሐኪም ያዘዘልዎትን እንቅስቃሴ ትተዋል አለችኝ። "ለውጥ የለውም፣ ለማን ብዬ ነው" አሉ አሉ። በስልክ እንዳልመልስልዎ እርስዎ ስልክ ላይ "እሺ፣ እሺ" ብለው ነው የሚዘጉት። ስለዚህ ስለማውቀው ነገር ልጻፍልዎ፣ ስለ ብስክሌት። እንዳይቆጡ።

ስለ ብስክሌት ስናወራ ከእርስዎ የምትመጣው ጥያቄ አንዲት ብቻ ነበረች፦ "ስንተኛ ወጣህ?" ሠላሳኛ ስልዎ "እህ" ብለው ወደ ቡናዎ ይመለሳሉ። ውድድሩ ፒያሳ ላይ ያለቀ ጊዜ እንኳ ከሻይ ቤቱ በር ወጣ ብለው አላዩም። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም፤ አሁን በታመሙበት ሰዓት ማንሳቴም ደግ አይደለም። ብቻ ጥያቄዋ ስለ ጋላቢው ብዙ የማትናገር ጥያቄ ናት። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

በኮርስ (በእሽቅድምድም) ብስክሌት ዋናው ቡድን ተያይዞ መስመሩን ሲያልፍ ዳኛው ለሁሉም አንድ ሰዓት ነው የሚመዘግበው። አምስተኛውና ሠላሳኛው ወረቀት ላይ እኩል ሰዓት ሊኖራቸው ይችላል፤ የሚለያቸው የመጨረሻው ሁለት መቶ ሜትር ሩጫ ነው። ደረጃው በዚያ ቀን ማን እንደመጣ፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ ጋላቢው ለራሱ ነው ወይስ ለጓደኛው ሲለፋ የዋለው በሚለው ሁሉ ይለዋወጣል። ጸጋቡ ግርማይ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን አብረውት የተነሱት በጠቅላላው 198 ነበሩ። በመጨረሻ የመሪነቱን ቢጫ ማልያ የሚለብሰው አንድ ሰው ነው። ከቀሩት አብዛኞቹ ነፋስ ሊከልሉ፣ ውሃ ሊያመላልሱ የተቀጠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ደመወዝ የሚበላው እንዲህ ከሆነ፣ ከሥራ መልስ ለሚጋልብ ሰው "ስንተኛ" ምን ይነግረዋል?

ጋላቢው የራሱ የሆነ መለኪያ ያስፈልገዋል። በእኛ አገር ከሐረጎ ዳገት የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ከኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ተነስቶ ደሴ 2,500 ገደማ ላይ ይደርሳል፤ መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ግን ዝም ብሎ ሰዓት መያዝ አይበቃም። ከዕረፍት ቀን ማግስት መሆን አለበት፣ ጠዋት ኢሱዙውና ከባድ መኪናው ሳይበዛ፣ በተመሳሳይ የጎማ አየር (28 ሚሊ ሜትር ለሆነ ጎማና ሰባ ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው ፊት 65፣ ኋላ 70 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ይበቃል፤ ጠጣር ጎማ ይፈጥናል የሚሉት በእኛ አስፋልት ላይ አይሠራም፣ ያነጥራል እንጂ)፣ በእኩል ውሃ። ደብተር ላይ የሚጻፈው ሰዓቱ፣ አማካይ የልብ ምቱ፣ ነፋሱ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ሌሊቱን ስንት ሰዓት እንደተተኛ ነው። ሰዓቱ ፈቀቅ ሳይል የልብ ምቱ ከ168 ወደ 162 ከወረደ ለውጥ አለ ማለት ነው። በአንጻሩ አንድ ደቂቃ መሻሻል ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፤ ከኋላ የገፋ ነፋስ ይሰጠዋል፣ ከፊት የመጣ ደግሞ ይነጥቀዋል። ሦስት አራት ልኬት ጎን ለጎን ሳይቀመጥ ስለ ለውጥ መናገር አይቻልም።

የሚለካውም በየአራት ሳምንቱ አንዴ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። በየሳምንቱ የሚለካ ሰው የሚያየው ድካሙን ነው፤ ጡንቻና ልብ ለልምምድ መልስ የሚሰጡት ሳምንታት ቆይተው ስለሆነ ሥራው ገና አልታየም። በየቀኑ የሚለካማ ጨርሶ ያብዳል። እርስዎ በየማለዳው የግራ እጅዎን ጣቶች እየዘረጉ እንደሚያዩ እታለም ነግራኛለች።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ሥራ ያለው ሰው በሳምንት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ካገኘ በቂ ነው። ከዚያ ውስጥ ከባድ ቀን ሁለት ብቻ። ለምሳሌ ስምንት ደቂቃ ጠንከር አድርጎ ሽቅብ መውጣት፣ አራት ደቂቃ ቀስ ማለት፣ ይሄን አራት ጊዜ። ጠንከር ማለት ሁለት ሦስት ቃል እንጂ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር የማያስችል ነው። አራተኛው ዙር ከመጀመሪያው በግልጽ ከቀዘቀዘ የመጀመሪያው ከአቅም በላይ ነበር ማለት ነው። ሌሎቹ ቀኖች ከጎን ካለ ሰው ጋር እየተጫወቱ የሚጋለቡ መሆን አለባቸው። የብዙ ሰው ጥፋት ሁሉንም ቀን መካከለኛ ማድረግ ነው፤ ለማረፍ ሲበዛ ከባድ፣ ለመሻሻል ደግሞ ሲበዛ ቀላል ይሆናል። በየአራተኛው ሳምንት የልምምዱ ሰዓት በአርባ በመቶ ይቀነሳል። ረመዳን ላይ ከኢፍጧር በፊት አርባ ደቂቃ ዝግ ብሎ መጋለብ፣ ጠንካራውን ወደ ማታ ማዞር፤ በዚያ ወር ያለውን መያዝ እንጂ መጨመር አይታሰብም።

ሌላው ነገር ምግብ ነው። የመጨረሻው ሰዓት ላይ ከቡድኑ የሚቆረጥ ሰው ብዙ ጊዜ "አልተፈጠርኩለትም" ይላል። የራበው ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል ለሚበልጥ ግልቢያ በሰዓት ስልሳ ግራም ገደማ ስኳርና ስታርች መግባት አለበት፣ ያውም ሳይርብ፣ በየሃያ ደቂቃው። ሰባት መቶ ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፤ ኪስ ውስጥ በማር የተለወሰ በሶ ወይም ሙዝ። ሱቅ ከሚሸጠው የታሸገ ነገር አያንስም።

ዳገቱ ላይ የማይሆንለት ሰው ሜዳ ላይ በብልሃት ብዙ ይመልሳል። ከሌላ ሰው ጎማ ኋላ ተጠግቶ መንዳት ጉልበትን በሩብና ከዚያም በላይ ይቆጥባል። ግን ከቡድኑ መጨረሻ መሆን አይደለም፤ በየኩርባው ፊት ያሉት ፍሬን ትንሽ ሲይዙ የኋለኞቹ ከነአካቴው ይቆማሉ፣ ከዚያ ለመድረስ ነፍሳቸው እስኪወጣ ይረግጣሉ። ከፊተኛው ሲሶ ውስጥ መቆየት ነው ቁም ነገሩ። ይሄ ደግሞ የሚለመድ ነው፣ በተፈጥሮ የሚሰጥ አይደለም። ስለዚህ ከውድድር በፊት ደብተር ላይ የሚጻፈው "አሥረኛ እወጣለሁ" ሳይሆን "እስከ ሁለተኛው ዳገት ከዋናው ቡድን አልለይም፣ በየሃያ ደቂቃው እበላለሁ፣ ኩርባ ላይ ከአምስት ሰው በላይ አያልፈኝም" ነው። ማታ ለሦስቱም አዎ ወይም አይደለም ይጻፋል። ሠላሳኛ ወጥቶ ሦስቱንም አዎ የጻፈ ሰው በማግስቱ ብስክሌቱን ያወጣል።

ቁልቁለቱን እርስዎ ያውቁታል። ኤንትሬ የጭነት መኪናን ከነተሳቢው ሐረጎ ላይ ያወረዱ ሰው ሁለተኛ አስገብቶ በሞተር መያዝ ምን እንደሆነ ማን ያስረዳዎታል። ብስክሌት ሞተር የለው፤ ያለው ፍሬን ብቻ ነው። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ያለማቋረጥ ከተጨበጠ ቸርኬው ይግላል፣ ጎማ እስከ መፈንዳት ይደርሳል። ከኩርባው በፊት በደንብ ይዞ፣ ኩርባው ውስጥ መልቀቅ ነው። ቤት ሲደርሱ የፍሬኑን ላስቲክ ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የአልሙኒየም ስብርባሪ ከተሰካበት በመርፌ ይወጣል፣ ከጠቆረና ካብረቀረቀ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል።

ካቴናም እንዲሁ ነው። አሥራ ሁለት ሙሉ መገጣጠሚያ ሲለካ 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ከረዘመ ይቀየራል። ከዚያ ከቆየ የኋላውን ጥርስ ይበላዋል፣ ጥርሱ ደግሞ ደሴ ላይ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። "ጉልበቴ አለቀ" የሚሉ ስንት ሰዎች አሉ ያለቀው ካቴናቸው የሆነ።

ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ብዙ ሰው የሚተውበት ጊዜ ነው። ብርዱ፣ ጭቃው፣ ጉሙ። ያኔ አንድ ሕግ ይሠራል፦ ልብስ መልበስና አሥር ደቂቃ መጋለብ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እግር እምቢ ካለ ያለ ጸጸት መመለስ። አብዛኛውን ጊዜ እግር እሺ ይላል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የሚቆጠረው የልብ ምት ግን ሁለት ቀን ተከታትሎ ከተለመደው በስምንት በአሥር ከበለጠ ያ ስንፍና አይደለም፣ ማረፍ ነው።

አባ፣ የእርስዎ ሐረጎ ወንበሩ ነው። ትራስ የሌለበት፣ አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ጀርባው ግድግዳ የነካ ወንበር። እጅ ደረት ላይ፣ ግራውን በቀኝ ይዞ፣ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደሚቆሙ መቁጠር። በግራዎ በኩል ሰው ይቁም፤ ለብቻዎ እንዳይሞክሩት። ይሄ የሚለካው በየሁለት ሳምንቱ ጁምዓ ጠዋት ብቻ ነው። በየቀኑ የሚሠራው ሌላ ነው፦ አምስት ጊዜ መነሳት፣ ማረፍ፣ ሦስት ዙር። ለእጅዎ ደግሞ ሃያ ፍሬ ሽምብራ ከአንድ ስኒ ወደ ሌላ በግራ እጅ ማዛወር፤ ካልያዘልዎ በሎሚ ይጀምሩ። ሙስበሃ (የዚክር መቁጠሪያ) በግራ አልቆጥርም ማለትዎን ሰምቻለሁ፣ ልክ ነዎት፣ ለዚያ ነው ሽምብራ ያልኩት።

ከስትሮክ በኋላ ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው የሚመጣው። ከስድስት ወር በኋላ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። እርስዎ አምስተኛ ወርዎ ላይ ነዎት፤ ለውጡ ባይን የማይታይበት ጊዜ ነው፣ ለዚያ ነው ቁጥር የሚያስፈልገው። እርስዎ ግን ራስዎን የሚለኩት አሰብ ድረስ ተሳቢ ይጎትት ከነበረው ሰውዬ ጋር ነው። ራስዎንም "ስንተኛ ወጣህ" እያሉ ነው።

እጅዎ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ይሄን አንድ ዐረፍተ ነገር ላለመጻፍ ነው ከሐረጎ እስከ ካቴና የዞርኩት። መሪ ላይጨብጥ ይችላል። ስኒ ይይዛል ወይስ አይይዝም የሚለው ግን ገና አልተቆረጠም፣ እሱ በእነዚህ ወራት የሚወሰን ነው። ለማን ብዬ ነው ላሉት ደግሞ መልስ አለኝ፤ ለኔ። ሌላ ጊዜ ምንም አልለመንኩዎትም።

ለእታለም የደም ግፊት መለኪያ ልኬያለሁ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያ ትቀበለው። በቀኝ ክንድ ይለካ። ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ነክቶ፣ ሳይነጋገሩ መቀመጥ፤ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ። ሁለት ጊዜ፣ በመሃል አንድ ደቂቃ ቆይቶ፣ ሁለቱም ይጻፍ። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፤ አቦልና ቶና መሃል ላይ ለክታ እንዳትደነግጥ ይንገሯት። ቁጥሩ ጥሩ ሆነ ብለው ክኒኑን እንዳያቆሙ፣ ጥሩ የሆነው በክኒኑ ነው። ባትሪው አራት ነው፣ አብሮ አለ። ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ትደውልልኝ፣ ገንዘቡን በስልክ እልካለሁ።

ዱአዎ አይለየን።

ልጅዎ