የነርሷ እምነትና የታካሚው አልጋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የነርሶች ክርስቲያናዊ መንፈሳዊነት በሕሙማን እንክብካቤ ላይ ስላለው ድርሻ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። እናቴን ሳስታምም፣ ማተብ ያሰረች የሌሊት ተረኛ ነርስ ማንም በማያያት ሰዓት «እማማ፣ ቀስ ብዬ ላገላብጥዎት» እያለች የጀርባዋን ቁስል ስትጠርግ አይቻለሁና፣ እምነት ትዕግሥትን እንደሚያጸና አልጠራጠርም። ከዚህም በላይ ጾምንና ጠበልን የምታውቅ ነርስ መድኃኒት ሊያቋርጥ ያሰበን ታካሚ በሚገባው ቋንቋ ታናግረዋለች፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጠበሉንና የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ለዚህ ትልቅ ድጋፍ ነው። ሆኖም አልጋ ላይ የተኛ ሰው «አልፈልግም» ለማለት ስለሚቸገር፣ ያልጠየቀውን ጸሎት ልትጭንበት አይገባም። ስለዚህ ሆስፒታሎች ተኝቶ ታካሚ ሲቀበሉ በሚሞሉት ቅጽ ላይ ስለ ጾምና ጠበል የሚጠይቅ አንድ መስመር እንዲጨምሩ፣ ነርሷም የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተመካክራ በዚያው መሠረት እንድታመቻች እጠይቃለሁ።