ለልጅህ የምልካቸው ሁለት መጻሕፍት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? ባለቤትህ፣ ልጆቹ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብራስልስም እንደ ልማዷ ዝናቧን እያወረደች ነው።

ስንት ዘመን ሆነን ሳንጻጻፍ! ያንተም ስልክ ተቀየረ፣ የእኔም አድራሻ ተቀየረ፣ በዚያው ተጠፋፋን። ደግነቱ እህትህን አገኘኋት። አድራሻህን ሰጠችኝ፣ ስለ ትልቋ ልጅህም ብዙ አወራችኝ። ማንበብ ትወዳለች፣ መጽሐፍ አልበቃ ብሏታል አለችኝ። ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቲንቲን የሚባለውን የሥዕል መጽሐፍ አስነብባት። አንተም አብረሃት አንብብ።

«የሥዕል መጽሐፍ የልጅ ነገር ነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። የቲንቲን መጽሔት ራሱን ሲያስተዋውቅ «ከ7 እስከ 77 ዓመት ላሉ ወጣቶች» ይል ነበር። እኔ ይህን አባባል አምኜበታለሁ።

ቲንቲን ወጣት ጋዜጠኛ ነው፤ ሚሉ የሚባል ነጭ ውሻ አለው። ጽሑፉም ሥዕሉም የአንድ ሰው ነው። ስሙ ዦርዥ ረሚ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ኤርዤ በሚለው የብዕር ስሙ ነው። እዚሁ ብራስልስ የተወለደ ሰው ነው። ጃንዋሪ 10 ቀን 1929 በአንድ ጋዜጣ የልጆች ዕትም ላይ ጀመረው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። በ1983 ሲሞት 23 ያለቁ መጻሕፍትና አንድ ጅምር ትቶ ሄደ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ከመጀመሪያው ቁጥር አትጀምር። ሁለተኛው መጽሐፍ ኮንጎ ላይ ነው፣ ለእኛ ለአፍሪካውያን ደግሞ ያማል። ኮንጎዎቹን እንደ ሞኝ፣ እንደ ሕፃን አድርጎ ነው የሣላቸው። በመጀመሪያው ዕትም ቲንቲን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለኮንጎ ልጆች ስለ «አገራችሁ ቤልጂየም» ሊያስተምራቸው ይነሳል። መጽሐፉ በ1946 ታድሶ በቀለም ሲወጣ ያ ትምህርት ወደ ሒሳብ ተቀየረ። ደብቅባት አልልህም። ከፍ ስትል አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩት፣ የምትጠይቅህ ብዙ ነገር ይኖራል። መጀመሪያ ግን ያው ሰው እንዴት እንደተለወጠ ትይ።

የለወጠው ጓደኛ ነው። በ1934 ቲንቲን ወደ ቻይና ሊሄድ ነው ተብሎ ተነገረ። የቻይና ተማሪዎችን የሚረዱ አንድ ቄስ ይህን ሰምተው ለኤርዤ ጻፉለት፤ ስለ ቻይናዎች ከመጻፍህ በፊት እነሱን አነጋግር አሉት። እሱም እሺ አለ። ዣንግ ቾንግሬን ከሚባል ወጣት ጋር አስተዋወቁት። ዣንግ ብራስልስ አካዳሚ ቅርጻ ቅርጽ የሚማር ልጅ ነበር። ሁለቱም የ1907 ልጆች፣ እኩዮች ናቸው። ቁጭ ብለው ስለ አገሩ፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ታሪኩ ያወራሉ። «ሰማያዊው ሎተስ» የተወለደው ከዚያ ወሬ ነው።

መጽሐፉን ስትከፍት የሻንጋይን ግድግዳዎች ልብ ብለህ እይ። የቻይንኛ ጽሑፎቹ ዝም ብለው የተጫሩ ጌጦች አይደሉም፤ ዣንግ የጻፋቸው እውነተኛ መፈክሮች ናቸው። አንዱ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» ይላል! የእኛ ታላላቆች በአብዮቱ ጊዜ ያሰሙት የነበረው ማለት ነው። ጃፓን በ1931 የባቡር ሐዲድ አፈንድታ፣ በቻይናዎች አሳብባ ማንቹሪያን እንዴት እንደወረረችም እዚያ ታገኘዋለህ። የመንግሥታት ማኅበርም አለበት። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። ታሪኩ በጋዜጣው ወጥቶ ያለቀው በ1935 ነው፤ በዚያው ዓመት ጣሊያን እኛን ወረረች፣ ያው ማኅበር ምን እንዳደረገልን ደግሞ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ከሁሉ የምወደው ግን የወንዙን ገጽ ነው። ጎርፍ ነው። ቲንቲን ዘሎ ገብቶ ቻንግ የሚባል ልጅ (ከዣንግ የተቀዳ ነው) ከውኃ ያወጣል። ልጁ ነፍሱ መለስ ሲልለት «አመሰግናለሁ» አይልም። ለምን አዳንከኝ ብሎ ይጠይቃል። ነጮች አያቶቹን ገድለውበታል፣ ሁሉም ክፉ ይመስሉታል። ቲንቲንም በተራው ፈረንጆች ስለ ቻይናዎች የሚያወሩትን ተረት ይዘረዝርለታል። ቻንግ በሳቅ ይፈርሳል። አብረው ይስቃሉ። ሁለት ልጆች በአንድ ገጽ ላይ የስንት ዘመን ውሸት ሲጥሉ ታያለህ።

እውነተኛው ዣንግ በ1935 ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ አብዮቱ መጣ፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ተጠፋፉ።

«ቲንቲን በቲቤት» የመጣው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው፣ በ1960። ኤርዤ በዚያ ሰሞን ትዳሩ ተናግቶ፣ ሌሊት ሌሊት ሁሉ ነገር ነጭ የሆነበት ቅዠት ያስጨንቀው ነበር። መጽሐፉም ከዳር እስከ ዳር በረዶ ነው። ክፉ ሰው የለበትም፣ የሚያባርር ሽፍታ የለበትም። ቻንግ የተሳፈረበት አውሮፕላን ሂማላያ ላይ ይወድቃል። ጋዜጣው የተረፈ የለም ይላል። ቲንቲን ግን በሕልሙ አይቶታል፤ አልሞተም ብሎ ድርቅ ይላል። ካፒቴን ሃዶክ፣ ያ ተሳዳቢው መርከበኛ፣ በየገጹ «እኔ አልሄድም፣ በቃኝ!» ይላል። ቀጣዩን ገጽ ስትገልጥ ጓዙን ተሸክሞ ታገኘዋለህ።

አንድ ቦታ ሃዶክ ገደል ላይ ይንጠለጠላል። ላይ ያለው ቲንቲን በገመዱ ይዞታል፣ ግን እጁ እየዛለ ነው። ሃዶክ ሁለታችንም ከምንሞት ብሎ ቢላዋውን ያወጣል፣ ገመዱን ሊቆርጥ። ቲንቲን አይሆንም ይለዋል። እንዴት እንደሚያልቅ አልነግርህም። ብቻ እዚያ ገጽ ላይ ስትደርሱ ልጅህን ቀና ብለህ እያት።

እውነቱ ደግሞ ከመጽሐፉ አይተናነስም። ኤርዤ ዣንግን ፈልጎ አገኘው። በ1981 ዣንግ ብራስልስ ገባ። ከ45 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ሆነው ተቃቀፉ። ኤርዤ ያኔ ታሞ ነበር፣ ሁለት ዓመት አልቆየም። ግን ተገናኝተዋል። ይህን ሳነብ ነው አንተን ፈልጌ ማግኘት አለብኝ ያልኩት።

ሌሎቹን ቀስ ብላችሁ ትደርሱባቸዋላችሁ። የጨረቃው ጉዞ አለ፤ ሁለቱ መጻሕፍት አርምስትሮንግ ጨረቃን ከመርገጡ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው የወጡ ናቸው። የወንበዴው ሀብት ፍለጋም አለ፣ ለልጅ እሱ በጣም ይጥማል።

ለፋሲካ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው አግኝቻለሁ። «ሰማያዊው ሎተስ»ንና «ቲንቲን በቲቤት»ን በእንግሊዝኛ ገዝቼ እሰጠዋለሁ። የከበዳትን ቃል አንተ በአማርኛ እየነገርክ አንብብላት፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ስልክህን ቶሎ ላክልኝና ሰውየው ይደውልልህ። ስትጨርስ ደግሞ ቀጥሎ የትኛው እንዲላክላት እንደምትፈልግ ልጅቷ ራሷ ትጻፍልኝ።

እማማን በጣም ሳምልኝ።

የምወድህ ወንድምህ