ከደብረ ማርቆስ፣ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ

ወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ልጆቹስ? የሐዋሳ ሙቀት ለመደህ ወይስ አሁንም ሹራብህን ሻንጣ ውስጥ ይዘህ ትዞራለህ?

ለእትዬ ቀብር አልደረስኩም። ለአርባቸውም አልመጣሁም፣ ለሙት ዓመታቸውም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ብዬ ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። መንገዱ እርግጥ ተዘግቶ ነበር። ግን ከተከፈተ በኋላም አልደወልኩም። አፈርኩ። ሐፍረቱ ደግሞ እየቆየ ባሰ። ይቅር በለኝ። ስንገናኝ እግርህ ላይ እወድቃለሁ፤ አሁን ግን ሌላ ነገር አለኝ።

ነገሩ ስለ አንድ ካሜራ ነው። አትሳቅ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

አባቴ አሁንም ከላይ ገጠር ነው። ማርቆስ ግባ ብንለው አይሰማም። አምና ነሐሴ ላይ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ የላይኛውን ድንች ሊያይ ሲወጣ በረዶ ያዘው። ጎረቤት ነው ተሸክሞ ያወረደው። ሁለት ሳምንት ተኛ። ሳሉ እስካሁን አልለቀቀውም። ለምን እንደወጣ ታውቃለህ? ለእኔ ብሎ ነው። መድኃኒት ረጪዎቹን ከዚህ የምልከው እኔ ነኝ። ማታ ደውዬ "ነገ ይረጫል ወይ?" እለዋለሁ። ቤታችን ረባዳው ውስጥ ስለሆነ ከደጃፉ ሆኖ ማሳው አይታየውም። ስለዚህ በጨለማ ይወጣል። ቅጠሉ ረጥቦ ሳለ ከረጨን መድኃኒቱ ታጥቦ ይወርዳል። ካልረጨን ደግሞ ያ ጉም ሦስት አራት ቀን ከሰነበተ ድንቹን ምች ይመታዋል። የሁለት ዓመት ዘር በአንድ ሳምንት ሲጠቁር አብረን አይተናል።

የስልኩን ትንበያ አምኜ ነበር። እሱ ግን የሚነግረኝ የማርቆስን ነው። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እዚህ ፀሐይ ወጥቶ፣ ከሮብ ገበያ በላይ እጅህ እንኳ የማይታይበት ጉም ይሆናል።

ካሜራው ውጭ አገር አዳኞች ዛፍ ላይ አስረው አውሬ የሚጠብቁበት ዓይነት ነው። ሲም ካርድ ይገባበታል። ራሱ ፎቶ ያነሳና በሞባይል ዳታ ስልኬ ላይ ይልክልኛል። የመብራት መስመር አይፈልግም፣ ዋይፋይም አይፈልግም። የመጀመሪያውን እህቴ ከአሜሪካ ላከችልኝ። የእኛን ሲም አልቀበል አለ። ለካ እዚያው ላለ ድርጅት መስመር ብቻ የተቆለፈ ነው። ሁለተኛውን አዲስ አበባ አገኘሁት። ከመክፈሌ በፊት እዚያው ቆሜ በራሴ ሲም ፎቶ አስላክሁ። አንተ ብትሆን ደግሞ ግማሽ ቀን ትከራከር ነበር።

ሲሙን መጀመሪያ ስልክ ውስጥ ከትቼ የሚስጥር ቁጥሩን አጠፋሁ፤ ካሜራው ቁጥር መጻፍ አይችልማ። ፎቶውን አነስ አደረግኩት፣ አንዷ 200 ኪሎባይት ገደማ ናት። በቀን ስድስት። ከወር እስከ ወር 40 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም።

ሰዓቱ ግን አደከመኝ። ጠዋት 12 ሰዓት እንዲያነሳ ብዬ 12 ብዬ ሞላሁት። የመጀመሪያዋ ፎቶ እኩለ ቀን ላይ መጣች። ካሜራው በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሄደው፤ 6 ብዬ መሙላት ነበረብኝ። ለዚህች ለስድስት ሰዓት ልዩነት ማርቆስ ድረስ ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ ወጣሁ።

ከዚያ ሶላሩ። አብሮት የመጣው ወረቀት "ወደ ደቡብ አዙራችሁ በደንብ አዘንብሉት" ይላል። እንደተባልኩት አደረግኩ። ሐምሌ ገባ፣ በአምስተኛው ቀን ጸጥ አለ። ደመናው አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን ወረቀቱ ለእኛ አገር አለመጻፉ ነው። በሐምሌ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ጥላችን ወደ ደቡብ ሲወድቅ በልጅነታችን በእግራችን እንለካው የለ? እንደዚያ። አሁን ውኃና አቧራ እንዲወርድለት ያህል ብቻ ጥቂት አጋድሜ በጀርባው አስተኝቼዋለሁ። ውስጡ ካሉት ስምንት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ጋር ተረዳድቶ ነሐሴን በሙሉ ቆመ።

የካሜራው ዓይን ወደ ሰሜን ያያል፣ ወደ ተራራው። ፀሐይ ስትወጣም ስትገባም አታጥበረብረውም። ከፊቱ አንድ ረጅም እንጨት ተከልኩና ጫፉ ላይ የነጠላ ቅዳጅ አሰርኩ፤ ለነፋሱ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ አለ፣ 400 ሜትር ያህል። ከእሱ ኋላ ማዶ ያለው ተረተር፣ ከዚያ ጫፉ። ጥዱ ከጠፋ ከባድ ጉም ነው፣ ማንንም አልልክም። ጥዱ ታይቶ ተረተሩ ከጠፋ እስከ 3 ሰዓት እጠብቃለሁ። ጫፉ ከታየ ለረጪዎቹ እደውላለሁ። ይኸው ነው። ዘንድሮ ድንቹ ተርፏል፣ ወንድሜ። አባቴም ከነሐሴ ወዲህ አንድም ሌሊት አልወጣም። ይህን ስጽፍልህ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ሰው እንዳይጠረጥረኝም ፈራሁ። ዘመኑን ታውቀዋለህ፤ ከፍታ ላይ ካሜራ ሰቅሎ መሄድ ጨዋታ አይደለም። ሽማግሌዎቹን ጠርቼ፣ ለቄሱም ለቀበሌውም ፎቶዎቹን አሳየሁ። ሰው ሲያልፍ የሚያነሳበትን ነገር አጠፋሁት፤ በሰዓቱ ብቻ ነው የሚያነሳው። ወደ መንገዱም አያይም። አንድ ሽማግሌ ረጅም ጊዜ ስልኬን ይዘው ጫፉን ሲያዩ ቆዩና "ጅብራው አይታይም እንዴ?" አሉ። አይታይም፣ ሩቅ ነው።

አሁን ጥቅምት ነው፣ ጭንቀቴ ደግሞ ወደ ውርጭ ዞሯል። ረባዳው ላይ ያለው ገብስ ገና እሸት ነው። ባለፈው ሰኞ ካሜራው አጠገብ ያለው ቴርሞሜትር ንጋት ላይ 4 ዲግሪ ይል ነበር። ደስ ብሎኝ ደወልኩ። አባቴ "እዚህ ሣሩ ነጭ ሆኗል" አለኝ። በጠራ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ ተዳፋቱን ይዞ ይወርድና ረባዳው ላይ ይተኛል። ከፍታው ላይ ያለው ካሜራ ይህን ሊያይልኝ አይችልም። አባቴ ግን ሳይማር ያውቀዋል። ስለዚህ ሌላ ቴርሞሜትር ገዝቼ ከደጃፉ ካለው አጥር ላይ ሰቀልኩለት። እኔ የላዩን እነግረዋለሁ፣ እሱ የታቹን ይነግረኛል። በየጠዋቱ እናወራለን። ከእሱ ጋር እንዲህ በየቀኑ አውርተን አናውቅም ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን ዙሪያውን የዞርኩት ፈርቼ ነው።

ካሜራው ያለው እናንተ ደጅ ነው።

ሌላ ቦታ ሁሉ ሞክሬያለሁ። የእኛ ማሳ ዳር ኔትወርክ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አንዳንዴ ይመጣል፣ ፎቶ ግን አያሳልፍም። ሁለት ጊዜ ዳርዳሩን ዞሬ፣ መጨረሻ ላይ እግሬ ራሱ ያች ድንጋይ ጋ ወሰደኝ። የማትሪክ ውጤት የሰማንባት ድንጋይ። እትዬ "ውረዱ፣ መብረቅ ይመታችኋል" ሲሉ የምንሰማባት። ስልኬን ከፍ ሳደርግ ሞላ። ከዚያ ዘወር ስል የቤታችሁ በር ተዘግቷል። ቁልፉ አክስትህ ዘንድ ነው። አስፈቀድኳቸው፣ "እሱን ጠይቅ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ሳልጠይቅህ ግን የውጭውን ቋሚ በሁለት ሚስማር መታሁት። ከሰኔ እስከ ዛሬ ነው። ቀብራቸው ላይ ያልቆምኩ ሰው ደጃቸው ላይ ሚስማር መታሁ። ይኸው ነገርኩህ።

ከፎቶው በግራ በኩል የጣራው ጠርዝና የግቢው ግማሽ ይገባል። ሆን ብዬ አይደለም፣ ሌላ ማዕዘን የለም። በመስከረም ግቢው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት የጠርዙ ቆርቆሮ ተገልብጦ አየሁ። በዚያው ቀን ሰው ልኬ አስመታሁት፣ ውኃ ሳይገባ። ገንዘብ እንዳትልክ።

ፎቶዎቹን ልላክልህ ወይስ አልላክልህ እያልኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ባዶ ግቢ ማየት ሊከብድህ ይችላል። ወይም ልትፈልገው ትችላለህ። እኔ በአንተ ቦታ ምን እንደምል አልገባኝም። ከፈለግህ ቁጥርህን እኔ አስገባዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለአንተም ይደርስሃል።

ካልወደድክ ደግሞ ንገረኝ። ነቅዬ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ እወስደዋለሁ፣ የሚስማሩን ቀዳዳም እደፍነዋለሁ። ቅር አልልህም። ዓርብ ወደ ላይ እወጣለሁ። ከዚያ በፊት ደውልልኝ፤ መጻፍ ካልፈለግህ እንኳ አንዴ አስጩኸውና ዝጋው፣ ይሁን ማለትህ እንደሆነ አውቃለሁ።

ወንድምህ