ቫርኒሹ ከቤዝመንት ይውጣ

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እታለም ደውላ «ቤቱ ሁሉ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል፤ አባባ ግን ምንም አይሸተኝም ይላሉ» አለችኝ። እውነትዎን ነው። አፍንጫ ጥቂት ከቆየ ሽታውን ይለምደዋል። ጭንቅላት ግን አይለምድም። ማታ ማታ የሚያምዎትን ራስ ምታት ሁሉ በግፊት አያሳብቡ።

ሥራውን ይተዉ አላልኩም። እርስዎ ረከቦት መሥራት ቢያቆሙ የሲልቨር ስፕሪንግ ሀበሻ የሚቆጣው እኔን ነው። መቁረጡም፣ መላጉም፣ መገጣጠሙም እዚያው ይሁን። ቅቡ ብቻ ይውጣ።

መርካቶ ሳሉ የሚቀቡት ደጅ ላይ ነበር፤ ነፋስ ይወስደዋል። ቤዝመንት ግን ጉድጓድ ማለት ነው። የቲነር፣ ማለትም የቫርኒሽ ማቅጠኛው፣ ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይሄዳል። ባለፈው ስመጣ የቲነሩ ጣሳ ከውኃ ማሞቂያው አጠገብ ነበር። ማሞቂያው በጋዝ ነው የሚሠራው፤ እሳቱም የሚነደው ታች፣ ወለሉ ጋ ነው። የቀረውን ለእርስዎ አልነግርም።

«መስኮቱ ላይ ቬንትሌተር አድርጌያለሁ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔን በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። የተራ ቬንትሌተር ሞተር ብልጭታ ሊያወጣ ይችላል። ደግሞ የሚያወጣውን ያህል አየር ከሌላ ቦታ መግባት አለበት። ሌላው መስኮትና በሩ ዝግ ከሆነ በማሞቂያው ጭስ ማውጫ በኩል አየር ወደ ታች ይስባል። ያኔ ውጭ መውጣት የነበረበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ይቀራል። እሱ ደግሞ ጭራሽ ሽታ የለውም። በክረምት ቤቱ ሲሞቅ የቤዝመንቱ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ልጆቹ የሚተኙት ላይ ነው።

ጭምብሉም አያድንዎትም። ያ ነጩ የአቧራ ነው፤ ትነት አያግድም። የትነቱ በጎንና በጎን ጥቁር ካርትሪጅ፣ ማለትም ማጣሪያ፣ ያለው ነው። እሱም ፊት ላይ ካልተጣበቀ ዋጋ የለውም፤ ጢም ካለ ደግሞ አይጣበቅም። ጢምዎን ይላጩ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ስለዚህ ቅቡ ጋራዥ ይሁን፤ የእታለም መኪና ይውጣና ትልቁ በር ወለል ብሎ ይከፈት። ብርዱ ሲበረታ ቫርኒሹ ስለማይደርቅ በውኃ የሚቀጥነውን ይጠቀሙ። እሱን ቤዝመንት ቢቀቡትም ሁለት መስኮት ከፍተው ነው። ሽታው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

«እንጨቱን ያገረጣዋል» ይላሉ። ልክ ነዎት። ሙቀት ባለው ቀን ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ ሰም የወጣለትን ሼላክ፣ ያን በአልኮል የሚሟሟውን ቅብ፣ አንድ እጅ ይቀቡት፤ ያ ማር የመሰለው ቀለም ይመጣል። ሼላኩ አልኮል ስላለው ቤዝመንት አይግባ። ውኃ ሲነካው የእንጨቱ ጸጉር ይቆማል የሚሉት ደግሞ መላ አለው። አስቀድመው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ሲደርቅ በ220 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ይሹት። ለእርስዎ ይህን ማስተማሬ ራሴንም አሳቀኝ።

አንድ ነገር ግን አልስቅበትም፤ ጨርቁ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲከማች በራሱ እየሞቀ ይነዳል፤ ክብሪት አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የሚባለው ፎቅ የተቃጠለው በእንዲህ ዓይነት ጨርቅ ነው። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተውበታል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ጨርቁን ደጅ ዘርግተው ያድርቁት፤ አለበለዚያ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

የውኃውን ቫርኒሽና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በፖስታ ልኬያለሁ። ማስጠንቀቂያውን እታለም ትሰቅለዋለች። ቅዳሜ የቲነሩን ጣሳ ወደ ጓሮው ዕቃ ቤት የምትወስደውም እሷ ናት፤ እኔ ነኝ ያዘዝኳት፣ እንዳይቆጧት።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ፣
ልጅዎ